ተቀባይ ያጣ እሁድ

ባለፈው ሰሞን እዚሁ ገንዳ ውሃ፣ አንድ የጎረቤት ሰርግ ላይ፣ ፈንታሁን ያችን ታሪኩን ደግሞ ጀመራት። ፈንታሁን የትራክተር መለዋወጫ ይነግዳል፤ የቆየ ወዳጄ ነው፣ ግን ስለዚያ ነገር አፉን በከፈተ ቁጥር ደሜ ይፈላል። ድንኳኑ ውስጥ የነበሩትን ጎረምሶች ዙሪያውን ሰብስቦ፣ «እኛ'ኮ በቀጥታ ስርጭት ቴሌቪዥን ላይ ወጥተን አዲስ አበባን በሳቅ የፈጀን ሰዎች ነን። ጭብጨባው ከመድረክ አላስወርድ ብሎን! ውሸት ነው ካላችሁ ይኸው መምህር አሉላችሁ፣ ጠይቋቸው» አለ። ጎረምሶቹ ሁሉ ወደ እኔ ዞሩ። እኔም እንደ ልማዴ አጥንት መጋጥ ላይ የተጠመድኩ መሰልኩ። ስንት ዓመት ሙሉ እንዲህ ሳደርግ ኖርኩ! ጡረታ ወጥቼ፣ ጸጉሬ ነጥቶ፣ ዛሬም አንድ ነገር በትክክል መናገር አቅቶኝ አጥንት እግጣለሁ። ቤቴ ስገባ እንቅልፍ እምቢ አለኝ፤ ተናድጄ ነበር፣ በፈንታሁን ብቻም አይደለም። ይህን መጻፍ የጀመርኩት በዚያው ንዴት ነው።

ዓመተ ምሕረቱን አትጠይቁኝ፤ ቁጥር እየከዳኝ ነው። ባጃጅ ገና ከተማችን አልገባም ነበር። ከመናኸሪያ ገበያ ድረስ የሚኬደው በእግር ነው፣ ዕቃ ያለው ደግሞ በአህያ ጋሪ። ሻይ በሃምሳ ሳንቲም ይጠጣል፤ አንድ ሳህን ፉል ከነዘይቱና ከነሽንኩርቱ ሁለት ሰው ያጠግባል። ፋሽን የሚባለው ሁሉ ከድንበሩ ድልድይ ማዶ፣ ከሱዳን የሚመጣ ነበር። መተማ ዮሐንስ ወርዶ የተመለሰ ጎረምሳ አመሻሽ ላይ ነጭ ጀላቢያውን ለብሶ፣ ሰው ሁሉ ካላየኝ ብሎ ዋናውን መንገድ ሦስት ጊዜ ይመላለስበታል። ልጃገረዶቹ የሱዳን ሽቶ ተቀብተው ካለፉ ሽታው ብቻውን መንገድ ላይ ይቆያል፤ ዛሬ የሚሸጠው ሽቶ የቤቱን ደጃፍ ሳይሻገር ይጠፋል። ከመናኸሪያው ወደ ገበያው በሚታጠፈው መንገድ ጥግ ላይ የሐጅ እድሪስ ሻይ ቤት ነበር። ሰው ሲቀጣጠር «ሐጅ ጋ እንገናኝ» ነው የሚለው። ሐጅ አንድ የሱዳን ዘፈን ካሴት ነበራቸው፣ ከጠዋት እስከ ማታ እሱኑ ያዘፍኑታል፤ ከመደጋገሙ ብዛት ክሩ ላልቶ ዘፋኟ ወንድ ትመስል ነበር። ዛሬ እዚያ ጥግ ላይ የሞባይል መሸጫ አለ። ሦስት ዓይነት ዘፈን ባንድ ላይ ይጮኻል፣ እኔ አንዱንም አልሰማውም።

ሐጅ ቴሌቪዥናቸውን የሚያኖሩት ቁልፍ ባለው የብረት ሳጥን ውስጥ ነው፤ ቁልፉም ካንገታቸው አይለይም። እሁድ ከቀኑ አሥር ሰዓት ሲቃረብ «ሻይ ያላዘዘ ውጭ!» ብለው ያውጁና ጀነሬተሩን አስነሥተው ሳጥኑን ይከፍታሉ። ሻይ ያላዘዘውም በመስኮት ያያል። ያን ዓመት ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ፣ አሥራ ሦስት እሁድ ሙሉ፣ በቀጥታ የሚተላለፍ የቀልድ ፕሮግራም ነበር። ስም ነበረው፤ እኛ ግን «የእሁዱ» ብቻ ነበር የምንለው። አጫጭር ጭውውቶች ናቸው፣ አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት የሚሠሩ። ቀጥታ ስለሆነ የተሳሳተው ሁሉ እንደ ተሳሳተ ይወጣል። አንዱ ዳኛ ሆኖ ሲፈርድ የተለጠፈ ጺሙ ብርጭቆው ውስጥ ወደቀበትና ሳያይ ከነውሃው ጎረሰው። አንዷ ደግሞ የባሏን ስም ረስታ «አንተ ሰውዬ» እያለች ትዳሯን ጨረሰች። ሐጅ ጋ ሰው መሬት ላይ ይንከባለል ነበር። አሁን የልጅ ልጆቼ በስልክ የሚያሳዩኝ ቀልድ ሁሉ ተቆርጦ ተቀጥሎ የተስተካከለ ነው፤ ያየሁት ሁሉ አያስቀኝም፣ «አያ፣ አልገባዎትም» ይሉኛል። ገብቶኛል እንጂ! ጺሙ የማይወድቅ ዳኛ ምን ያስቃል?

የዚያ ዓመት «የእሁዱ» ለእኛ የተለየ የነበረው በየሳምንቱ አንድ የክፍለ ሀገር የቴአትር ክበብ እየጠራ አምስት ደቂቃ ስለሚሰጥ ነው። በመጨረሻው እሁድ ከሁሉም የተሻሉት ሦስት ክበቦች ተመልሰው ይመጣሉ። እኔ ያን ጊዜ እዚህ አማርኛ አስተምር ነበር፣ የከተማውን የቴአትር ክበብም እመራለሁ። ክበባችን አንድ ንብረት ብቻ ነበረው፦ አዳራሹ። ግድግዳውም ጣሪያውም ቆርቆሮ ነው፣ ከቀትር በኋላ የገባበት ሰው ተጠብሶ ይወጣል፤ ቢሆንም የእኛ ነበር። ጠላታችን ሰሊጥ ነው። የሰሊጥ ዋጋ በወጣ ቁጥር፣ ጣሪያ ያለው ቤት ሁሉ መጋዘን ካልሆነ ይባላል። አዳራሹ ላይ የሚያዙ አንድ ኃላፊ ጠሩኝና እንዲህ አሉኝ፦ «መምህር፣ እኔ ቀልድ አልጠላም። ግን ሰሊጥ ደጅ እያደረ ነው። ከሦስቱ ክበቦች አንዱ ከሆናችሁ አዳራሹን ማንም አይነካባችሁም። ካልሆናችሁ ቁልፉን ታስረክባላችሁ።» «እሽ» አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ? ጽሑፋችንን ልከን ነበር፤ «በአምስተኛው እሁድ ኑ» የሚል ደብዳቤ ሲመጣ ሐጅ እድሪስ እንኳ ለዚያ ቀን ሻይ በነፃ አሉ፣ ያም በከተማው ታሪክ ተሰምቶ አይታወቅም።

ደብዳቤው የደረሰን አጨዳው በጋለበት ሰሞን ነው። ሰሊጥ ቀጠሮ አያውቅም፤ ከደረሰ በኋላ ቀናት ካሳለፉበት ፍሬው እየተከፈተ መሬት ላይ ይረግፋል። ግማሹ የክበባችን አባል እርሻ ወርዷል። ዋናው ተዋናያችን ሰይድ ደግሞ ከመጀመሪያውም የእርሻ ሰው ነው። በየዓመቱ ከወሎ ለአጨዳ የሚመጣ ሠራተኛ ነበር፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲናገር ሳይስቅ ሌላውን የሚያስቅ ሰው። ያገኘሁት ካንድ ዓመት በፊት አንድ ባለ እርሻ ወዳጄ ጋ ሄጄ ሲያሳጭድ ሳይ ነው። ሃያ የሚሆኑ ሰዎች ተሰልፈው ያጭዳሉ፤ ከመካከላቸው አንዱ አውጭ ነው፣ ሌሎቹ ተቀባይ ናቸው። አውጭው ግጥም ይጥላል፣ ረድፉ «ሆ!» ብሎ ይቀበላል፣ ማጭዱም አብሮ ይሄዳል። አውጭ የሆነ ሰው ረድፉ ሳይቀበለው ወደ ሁለተኛው ግጥም አያልፍም። ድምፁ ከሳሳበት ያንኑ ይደግመዋል። ጭራሽ ዝም ካሉት ደግሞ ማጭዱን ጥሎ ሊያይ ይሄዳል፣ ምክንያቱም በዚያ ሙቀት ረድፍ ዝም የሚለው ሰው ሲወድቅ ነው፤ ወይ ፀሐዩ ጥሎታል፣ ወይ ወባው ተነሥቶበታል፣ ወይ እባብ ነክሶታል። አውጭው ሰይድ ነበር። እያየሁት ግጥሙን መሃል ላይ አቁሞ ወደ ዳር ሄደ፤ አንድ ከጎጃም የመጣ ጎልማሳ ተዘርሮ አገኘ፣ ውሃ አፈሰሰበት፣ ጥላ ውስጥ አስተኛው፣ ተመልሶም ካቆመባት ቃል ቀጠለ። ግጥሙ ደግሞ ባለ እርሻውን የሚያብጠለጥል ነበር፤ ባለ እርሻው ወዳጄ ራሱ ዓይኑ እንባ እስኪያቀር ሳቀ። እኔም ይህ ሰው መድረክ ላይ መውጣት አለበት አልኩ።

ጭውውቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ጥፋትም ካለው የእኔ ነው። ፈንታሁን ከጎንደር በሙሉ ልብስና በጃንጥላ የመጣ ባለሀብት ይሆናል። ሰይድ ፊት ለፊቱ እያጨደ በግጥም ይሰድበዋል፦

ጌታው ጥላ ይዞ ቆሞ ሲያንቀላፋ፣
ሰሊጡም ረገፈ ጉልበቴ እየጠፋ።

ተመልካቹ «ሆ!» ይላል። ባለሀብቱ ስድቡ የሱ መሆኑ አይገባውም። ሁለተኛው ግጥም ይመጣል፣ «ሆ!» ይባላል፣ የባለሀብቱ እግር መነቃነቅ ይጀምራል። ሦስተኛው ላይ ዜማው አሸንፎት ራሱ «ሆ!» ብሎ ይጮኽና ጃንጥላውን ጥሎ፣ ከነሙሉ ልብሱ ጎንበስ ብሎ ያጭዳል። እዚህ አዳራሻችን ውስጥ ስናሳየው ቆርቆሮው በሳቅ ይንቀጠቀጥ ነበር። ተቀባይ የሚሆን ሰው አላዘጋጀንም። ምን ያደርግልናል? የገንዳ ውሃ ተመልካች ግማሹ ሲያጭድ የዋለ፣ ግማሹ ሲያሳጭድ የዋለ ነው፤ ግጥም ከተጣለ ማንም ሳይነግረው ይቀበላል። እኔ የተጨነቅሁት በፈንታሁን ነበር። እሱ መቸኮል ይወዳል። «ሦስተኛው ግጥም ላይ እንጅ ከዚያ በፊት አፍህን እንዳትከፍት» ብዬ አስምዬዋለሁ። «ከከፈትክ ቀልዱ ሞተ ማለት ነው።»

የተፈቀደልን ሦስት ሰው ነው፤ እኔ፣ ፈንታሁንና ሰይድ። የሰይድ አሠሪ «ከሳምንት ካለፍክ የረገፈውን ሰሊጥ አንድ በአንድ ትለቅምልኛለህ» ብለው በግድ ለቀቁት። ጎንደር አድረን፣ መንገድ ላይ ደግሞ አድረን አዲስ አበባ ስንገባ ሰይድ በስስ ሸሚዙ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ኮቴን አልብሼው እጅጌው ክንዱ ላይ ቀረ። ቅዳሜ ባዶው አዳራሽ ውስጥ ልምምድ አደረግን። ማዳመጫ ጆሮው ላይ የሰካ አንድ ወጣት ሰዓቱን ይዞ ቆሟል። ተቀባይ ስለሌለ እኔ ከፊተኛው ረድፍ፣ ከመተላለፊያው ሦስተኛው ወንበር ላይ ተቀምጬ ብቻዬን «ሆ!» እያልኩ ተቀበልኩ። ሃያ ሰው ልሆን ምንም አልቀረኝም፤ ጉሮሮዬ እስኪነቃ ጮኽኩ። ሰይድም ፊቱ በራ፣ እየተመለከተኝ ግጥሙን አንበለበለው። ወጣቱ «ልክ አምስት ደቂቃ፣ ቆንጆ ነው» አለን። ነገ ማን ይቀበላል የሚል ሐሳብ በአእምሮዬ ውልብ አላለም። ነገማ አዳራሹ ሰው ይሞላል! ሰው ከሞላ ምን ችግር አለ?

እሁድ በእርግጥም ሞላ። ክራባት ያሰሩ፣ ነጠላ ያጣፉ፣ የተሰነጠቀ ወንበር ላይ እንኳ ቀጥ ብለው የተቀመጡ ሰዎች። ያ ወጣት ወደ ፊት ወጣና አስተማራቸው፤ እጁን ሲያነሣ ያጨበጭባሉ፣ ሲያወርድ ዝም፣ ያለ ምልክት ድምፅ ያሰማ ስርጭቱን ያበላሻል። ሕዝቡም ትእዛዝ አክባሪ ነበር። ወጣቱ እኔን ወደ መጋረጃው ኋላ ወሰደኝና «አባት፣ እዚህ ትንፋሽ እንኳ ይሰማል» አለኝ። ሰይድ ወጣ። የእንጨት ማጭዱን ይዞ ጎንበስ አለ፣ የመጀመሪያውን ግጥም ጣለ፣ ማጭዱን አየር ላይ እንደያዘ ጠበቀ። ዝም። ሰይድ ደገመው። ዝም። ፊት ለፊት ያሉት ሰዎች በጨዋነት ያዩታል። ሦስተኛ ጊዜ ጣለው፤ ድምፁ ቀጥኗል። ፈንታሁን ያችው ግጥም ሦስት ጊዜ መባሏ ሦስተኛው ግጥም መሆኑን አለመሆኑን ማወቅ አቅቶት ጃንጥላውን ይዞ ደርቆ ቀረ። እኔ ከሰይድ ሁለት እርምጃ ርቀት ላይ ነበርኩ። አፌን ከፈትኩ። ወጣቱ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ። ዘጋሁት።

ያን ጊዜ ሰይድ ማጭዱን ቀስ አድርጎ ወለሉ ላይ አስቀመጠና ከመድረኩ ወረደ። በቀጥታ ስርጭት! ወደ ፊተኛው ረድፍ ሄዶ አንዲት ነጭ ነጠላ የለበሱ ወይዘሮ ዘንድ ጎንበስ አለና የሆነ ነገር ጠየቃቸው። ወይዘሮዋ ክው ብለው ቦርሳቸውን አቀፉ። እሱም ቀና ብሎ እጁን ዓይኑ ላይ አጥልቶ ወንበሮቹን አንድ በአንድ ይቃኝ ጀመር። ከኋላ አንድ ሰው ፍርፍር ብሎ ሳቀና ማንም ስላልሳቀ ወዲያው አፈረ። ወጣቱ ማዳመጫውን ከጆሮው ነቅሎ እጁን እያርገበገበ ነው። ከዚያ አበባው መጣ።

አበባውን የማታውቁ ልጆች ትኖራላችሁ። ያን ጊዜ ስርጭት ሲበላሽ ቴሌቪዥኑ የአበባ ሥዕል ከክራር ጋር ያወጣ ነበር። ሐጅ እድሪስ ቤት የተሰበሰበው የገንዳ ውሃ ሕዝብ ሰይድ ግጥሙን ሲጥል አይቶ፣ ከዚህ ሆኖ «ሆ!» ብሎ ተቀብሎ፣ ደግሞ ተቀብሎ፣ ሦስተኛ ተቀብሎ፣ ከዚያ አበባ አየ። ሐጅ «ኧረ ይኸ ነገር ምን ሁኖ ነው!» እያሉ ሳጥኑን በመዳፋቸው ሲመቱት፣ ሌላው አንቴናውን ሲያዞር ፕሮግራሙ አለቀ። የቀረውን ማንም ስላላየው ሁሉም የየራሱን ሠራ። አንዱ፣ ባለሀብት ስለሰደቡ ተቆረጡ ይላል። አንዱ ሰይድን እዚያው አስቀሩት፣ አክተር ሆነ ይላል። ፈንታሁን ደግሞ፣ ጃንጥላውን ይዞ ደርቆ መቅረቱን ረስቶ፣ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ ይላል። ከሦስቱ ክበቦች አልገባንም። ቁልፉን እኔው ራሴ አስረከብኩ፣ በሳምንቱ ኬሻው እስከ ጣሪያ ተደረደረ። እስካሁንም መጋዘን ነው። ከዚያ ወዲህ በዚህ ከተማ አንድ ቴአትር በወጉ ሲታይ አላየሁም፤ ወጣቱ ያለው ምርጫ ስልኩና ጫቱ ነው። በዚያ በኩል ሳልፍ ያናድደኛል፣ ስለዚህ በሌላ መንገድ እዞራለሁ፣ በዕድሜዬ መዞሩ ደግሞ ይበልጥ ያናድደኛል። ለጠየቀኝ ሁሉ ስንት ዓመት የሰጠሁት መልስ አንድ ነበር፦ «ወሎዬው አበላሸው። መድረክ የማያውቅ ሰው ይዤ ሄጄ።» መምህራን ክፍልም፣ ገበያም፣ ለቅሶ ቤትም ይህንኑ አልኩ። የፈንታሁን ወሬ ሲያይል ግን መናገሩን ትቼ ዝም አልኩ።

ያልተናገርኩት የሰኞውን ጠዋት ነው። አዲስ አበባ መናኸሪያ ቆመናል፤ ፈንታሁን ዳቦ ሊገዛ ሄዷል። ሰይድ በደሴ በኩል አገሩ እንደሚገባ፣ ቆላ ግን ተመልሶ እንደማይወርድ ነግሮኝ ነበር። ከእሁድ ማታ ጀምሮ አኩርፌው ነበርና ያን ጊዜ ፈነዳሁ።

«ለመሆኑ ምን ነክቶህ ነው ከመድረክ የወረድከው? ቴሌቪዥን ነው'ኮ! አገር ሁሉ እያየህ!»

«አልቀበል አሉኝ፣ መምህር።»

«ባይቀበሉህስ! ዝም ብለህ አትቀጥልም ነበር?»

ነውር የተናገርኩ ይመስል አየኝ። «ዝም እያሉ እንዴት ይቀጠላል?»

«እኒያን ሴትዮስ ምን አድርጉ ነው ያልካቸው? ክው አሉ'ኮ!»

«እዚህ የነበሩት መምህር የት ሄዱ አልኳቸው።» ኮቴን አውልቆ፣ አጥፎ ሰጠኝ። «ቅዳሜ እዚያች ወንበር ላይ ሁነው የተቀበሉኝ እርስዎ አይደሉ? ሦስት ጊዜ ስጣራ ዝም ሲሉኝ፣ ወላሂ፣ የወደቁ መሰለኝ።»

«ከመጋረጃው ኋላ ነበርኩ» አልኩት።

«ይሰሙኝ ነበር?»

«እሰማህ ነበር።»

ይቆጣል ብዬ ጠበቅሁ፤ ቢቆጣ ደስ ባለኝ። «አብሽሩ» አለኝ፣ ያለ ምንም አሽሙር፣ ከልቡ። «ዋናው ደህና መሆንዎ ነው።» ጨርቅ ቦርሳውን አንጠልጥሎ የደሴው አውቶቡስ ላይ ወጣ፣ በመስኮቱ በኩል እጁን አወዛወዘልኝ። ስሙን ጠርቼ አንድ ቃል ልለው ፈልጌ ነበር። አላልኩም።